ከታይፕ እስከ ዩኒኮድ፦ የድሮ የአማርኛ ፋይሎቻችሁን አትጣሏቸው

«የአማርኛ ፊደል ስለበዛ ለማሽን አይመችም» የሚለው ወሬ አሁንም አልሞተም። ሰሞኑን እንኳ አንድ ወጣት እንደ አዲስ ነገር ሲያነሳው ሰማሁ። ይህን የሚለው ደግሞ ስልኩ ላይ በአማርኛ እየተጻጻፈ ነው። የኛን ዘመን ስላላየው አልፈርድበትም። እኔ ግን በታይፕ (በጽሕፈት መኪና) ጀምሬ፣ ከዚያም በኮምፒውተር የሰው ጽሑፍ ስጽፍ ዕድሜዬን የገፋሁ ሰው ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

የማምነውን ከወዲሁ ልናገር። ማሽኖቹ ናቸው ጠባብ የነበሩት። መጀመሪያ የመጡልን ማሽኖች ለሌላ ፊደል የተሠሩ ነበሩ፤ እኛም ፊደላችንን እየቆረጥን፣ እየቀጠልን እነሱ ውስጥ ለማስገባት ስንታገል ኖርን። የዚያ ትግል ዕዳ ገና ተከፍሎ አላለቀም። እንደኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በኮምፒውተር ብዙ አማርኛ ተጽፏል። መጽሐፍ አለ፣ ጋዜጣ አለ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የቤተሰብ ታሪክ አለ። ከዚህ ውስጥ ብዙው ዛሬ ሲከፈት አይነበብም። የምጽፈው ለዚህ ነው። ግን ታሪኩን ሳልነግራችሁ «ፋይላችሁን አድኑ» ብል አይገባችሁምና ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

የግእዝ ፊደል ማተሚያ ቤት የገባው በጣም ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ሮም ውስጥ መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ አሳተመ። እዚያው ሮም፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ የኢትዮጵያውያን ገዳም ይኖሩ የነበሩት አባ ተስፋ ጽዮን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 አዲስ ኪዳንን አሳተሙ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አንባቢውን ይቅርታ የሚጠይቅ ቃል አለ። ፊደሉን የደረደሩት ሠራተኞች ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ማንበብ የሚችሉት ደግሞ የማተም ሙያውን አያውቁም፤ ስለዚህ ስሕተቱን አክብዳችሁ አትዩብን ነው ነገሩ። ይህን ሳስበው ሁልጊዜ ልቤን ይነካኛል። ከዚያ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት የገጠመን ችግር ቁልጭ ብሎ እዚያ ላይ ተቀምጧል። ማሽኑን የሚያውቀው ፊደሉን አያውቅም፣ ፊደሉን የሚያውቀው ማሽኑን አያውቅም።

አገር ቤት ስንመጣ፣ «አእምሮ» ጋዜጣ በምኒልክ ዘመን ሲጀመር በእጅ እየተጻፈ ነበር የሚሰራጨው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ። ከእርሳስ ብረት በተሠራ ፊደል በሚታተምበት ዘመን የማተሚያ ቤቱ ትልቁ ሰው ፊደል ለቃሚው ነው። ከፊቱ በብዙ ትናንሽ ቤቶች የተከፋፈለ ሳጥን አለ። በእያንዳንዷ ቤት ውስጥ አንድ ዓይነት ፊደል። ለቃሚው ቆሞ፣ የደራሲውን የእጅ ጽሑፍ እያየ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እያነሳ በተገላቢጦሽ መስመር በመስመር ይደረድራል። ከዚያ ለሙከራ ይታተማል፤ አራሚው ያርማል፤ የተሳሳተው ፊደል ተነቅሎ ሌላ ይገባል። ሥራው ሲያልቅ ፊደሎቹ ታጥበው ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። አድካሚ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ በዚህ ሁሉ ድካም ውስጥ ፊደሉ ሙሉ ነበር። ሏ የራሷ ቤት አላት፣ ጿ የራሷ ቤት አላት። ሳጥኑ ይሰፋል እንጂ ፊደል አይቆረጥም።

ፊደል መቁረጥ የመጣው ከታይፕ ጋር ነው።

አንድ ታይፕ ከ40 ትንሽ ከፍ የሚሉ ቁልፎች አሉት። እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ምልክት ይይዛል፤ በድምሩ 90 ገደማ መሆኑ ነው። ለእንግሊዝኛ ይበቃል፣ ይተርፋልም። የኛ ፊደል ግን 33 ጊዜ 7፣ 231 ነው። እነ ቋን፣ ጓን፣ ሟን ጨምሩበት። ከ፩ እስከ ፼ ያሉትን 20 የቁጥር ምልክቶች ጨምሩበት። ነጥቦቹም አሉ። ታዲያ ይህ ሁሉ 90 ቦታ ላይ እንዴት ይቀመጥ?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ፈልገው የአማርኛ የጽሕፈት መኪና የሠሩት ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። ስማቸው የሚነሳው ከሚገባቸው በታች ነው፤ በየትምህርት ቤቱ ሊነገርላቸው የሚገባ ሰው ናቸው። የአማርኛ ታይፕ ብልሃቱ ፊደሉን ግንድና ቅጥያ አድርጎ መክፈል ነው። ለ የራሱ ቁልፍ አለው። ሉን ለመጻፍ በጎን የምትወጣው ጭረት ለብቻዋ ትመታለች፤ ያቺው ጭረት ለሙም ለሱም ለቡም ታገለግላለች። የሊ እግርና የሌ ቀለበትም እንደዚሁ። ቅጥያው ሲመታ ወረቀቱ አይራመድም፤ ስለዚህ ሁለቱ ምቶች አንድ ቦታ አርፈው አንድ ፊደል ይሆናሉ።

ይህን ያሰበ ጭንቅላት የሚደነቅ ነው። ውጤቱ ግን ፊደሉን ጎዳው። ጭረቷ ሁልጊዜ የምታርፈው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ፊደሎቻችን ደግሞ ወርዳቸው እኩል አይደለም። ለሰፊው ለመ ልክ የሆነችው ጭረት ለቀጭኑ ለነ ስትመጣ ከፊደሉ ተለይታ ትቀራለች። ራብዕ፣ ሳድስና ሳብዕ ላይ ሲደርስ ይብስበታል። ለ ል የሚሆንበት መንገድና ቀ ቅ የሚሆንበት መንገድ አይመሳሰልም፤ ለሁሉም የሚሠራ አንድ ቅጥያ የለም። በታይፕ የተጻፈ አማርኛ ከሩቅ የሚያስታውቀው ለዚህ ነው። ቅጥልጥል ነው። እኔ የሠራሁባቸው ታይፖች ላይ የግእዝ ቁጥር የሚባል አልነበረም፤ 1፣ 2፣ 3 ነው የምንመታው። በቃልና በቃል መካከል ይገባ የነበረው ሁለት ነጥብም በዚያ ዘመን እየቀረ ቦታውን ባዶ ክፍተት ወሰደው።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ይህ ችግር ሰዉ በፊደሉ ላይ እንዲነሳ ማድረጉ ነው። አዋቂ የተባሉ ሰዎች ሳይቀሩ ፊደሉ ይቀነስ፣ ይሻሻል የሚል ሐሳብ ሲያቀርቡ ኖረዋል። ግማሹ ሞክሼዎቹ፣ ማለትም ድምፃቸው አንድ የሆነው እነ ሐ እና ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ ይውጡ ይላል። ግማሹ ደግሞ ሰባቱ ቅርጾች ቀርተው እንደ ላቲን ተነባቢውና አናባቢው ተለያይቶ ይጻፍ ይላል። የሞክሼዎቹ ጉዳይ ከቋንቋው ከራሱ የሚነሱ ምክንያቶች ስላሉት መከራከር ይቻላል። ግን አንድ ከውጭ የመጣ ዕቃ ቁልፉ ስላነሰ ብሎ ከሺህ ዓመት በላይ የኖረን ፊደል መቁረጥ ትልቅ ጥፋት ይሆን ነበር። ያ ሐሳብ ሥራ ላይ ቢውል ኖሮ፣ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ ለእያንዳንዱ ፊደል ቦታ ያለው ማሽን ሲመጣ ፊደሉን ከየት እናመጣው ነበር?

ታይፕን ግን አትናቁብኝ። እኔ የተማርኩት ማታ ማታ ነው፣ ጣቶቻችንን በጨርቅ ሸፍነው ኪቦርዱን ሳናይ እንድንመታ በሚያደርጉ አስተማሪ። የክፍሉ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ጥሩ ታይፒስት ማለት በፍጥነት የምትመታ ብቻ አልነበረችም። የማይነበብ የእጅ ጽሑፍ የምታነብ ናት። ደራሲው ያጎደለውን አራት ነጥብ የምትጨምር፣ «እዚህ ጋ ቃል ቀርቷል ጋሼ» ብላ የምትጠይቅ ናት። በኛ አገር አብዛኛው ደራሲ የሚጽፈው በእጁ ነበር፤ ከእሱ ብዕር እስከ ማተሚያ ቤቱ ባለው መንገድ ላይ አንዲት ታይፒስት ነበረች። የመጽሐፍ ምስጋና ገጽ ላይ አንዳንዴ ስሟ ይገኛል፣ ብዙ ጊዜ ግን አይገኝም። በካርቦን ሦስት አራት ቅጂ እያወጣች፣ ስቴንስል (የማባዣ ማሽን ወረቀት) እየመታች፣ ገጹ መጨረሻ ላይ ስሕተት ከተገኘ ሙሉውን እንደገና እየጻፈች የአገሪቱን ጽሑፍ የተሸከመችው እሷ ናት።

ታይፕ አደገኛ ዕቃ የነበረበት ጊዜም ነበር። በቀይ ሽብር ዘመን ቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ ከሚፈለጉት ነገሮች መካከል የጽሕፈት መኪናና የማባዣ ማሽን ነበሩበት። በራሪ ወረቀት የሚወጣው በእነሱ ነዋ። ሰው በታይፑ ምክንያት ሕይወቱን አጥቷል። ይህን የምጽፈው ወጣቶቹ እንድታውቁት ነው፤ አማርኛ መጻፊያ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ያስፈራ ነበር።

ወደ ኮምፒውተሩ ልምጣ።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኮምፒውተር ላይ አማርኛ ለመጻፍ የተነሱት ሰዎች በአብዛኛው አሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ካሊፎርኒያ ውስጥ አቶ ፍስሐ አጥላው ዳሽን በሚል ስም የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ሠሩ። ኮሎራዶ ውስጥ ዶክተር አበራ ሞላ፣ ሙያቸው የእንስሳት ሕክምና ሆኖ ሳለ፣ ሞድኢት የተባለውን መጻፊያ ከዊንዶውስ በፊት ለነበረው ለዶስ አዘጋጁ። ዶክተር አበራ በታይፑ ቅጥልጥል ላይ አጥብቀው ይከራከሩ ነበር፤ ኮምፒውተር ላይ ያንን ስሕተት አንደግመውም፣ እያንዳንዱ ፊደል ሙሉ ሆኖ የራሱ ቦታ ይኑረው ባይ ናቸው። ትክክል ነበሩ። አገር ቤት ደግሞ የመንግሥቱ የኮምፒውተር ማዕከል ያዘጋጀው «አጋፋሪ» መጣ። ከዚያ እነ ፓወር ግእዝ፣ ቪዥዋል ግእዝ፣ ብራና፣ ዋሸራ እያለ ቀጠለ። ሁሉም በየፊናው ሠራ። ማንም ማንንም አልጠበቀም፤ ባይጠብቁም ጥሩ አደረጉ፣ ቢጠብቁ ኖሮ አሥራ አምስት ዓመት ያለ አማርኛ እንቀመጥ ነበር።

ችግሩ ግን ከታይፑ የተወረሰ ዓይነት ነበር። የዚያን ጊዜ ኮምፒውተር በአንድ ፎንት (በአንድ የፊደል ቅርጾች ስብስብ) ውስጥ ያለው ቦታ 256 ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ የተወሰነውን ለራሱ ሥራ ይይዘዋል። የኛ ፊደል ከነቁጥሩና ከነነጥቡ ከ300 ያልፋል። ሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው ፊደሉን ለሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት ማካፈል ነው፤ ዋናዎቹ አንደኛው ፎንት ላይ፣ ዲቃላዎቹ (እነ ቋ፣ ጓ) እና ቁጥሮቹ ሌላው ላይ። ሌላው እንደ ታይፑ ግንድና ቅጥያ እያጋጠሙ መሥራት ነው። በሁለቱም መንገድ ኮምፒውተሩ አማርኛ መሆኑን አያውቅም። ላቲኑ ፊደል የኛን ጭምብል አድርጎ ነው የሚጫወተው። ስክሪኑ ላይ ሰ ይታያችኋል፤ ከጀርባው ግን የተቀመጠው የእንግሊዝኛ ወይም የፈረንሳይኛ ፊደል ቁጥር ነው።

ከዚህ የመጣብን ጣጣ ብዙ ነው። ዎርድ ላይ ስትጽፉ ከአራት ነጥብ በኋላ የሚመጣውን ፊደል ፕሮግራሙ «ትልቁ ፊደል ይሁን» ብሎ ይለውጠዋል፤ ለአማርኛው ግን ትልቁ ፊደል ማለት ጨርሶ ሌላ ሆሄ ነው። ቃሉ ዓይናችሁ እያየ ይበላሻል። ገጹ ሙሉ በቀይ ይሰመራል፣ እንግሊዝኛ መስሎት። ስም በፊደል ተራ አሰልፍ ስትሉት የራሱን ኤቢሲዲ ይከተላል እንጂ ሀ ለ ሐ መን አያውቀውም፤ ስለዚህ የአንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞች ዝርዝር በእጅ ነው የሚደረደረው። ቃል ደግሞ መሐሉ ላይ ተሰብሮ ግማሹ ወደሚቀጥለው መስመር ይወርዳል፣ ምክንያቱም ያ ሆሄ የተቀመጠበት ቦታ በእንግሊዝኛው የሰረዝ ቦታ ሆኖ ተገኝቷል።

እንዲህም ሆኖ ያ ጊዜ ደስ ይል ነበር! የፕሬስ ነጻነት አዋጁ፣ ቁጥር 34/1985፣ ከወጣ በኋላ አዲስ አበባ በጋዜጣና በመጽሔት ተጥለቀለቀች። እኔ በወቅቱ አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት ውስጥ ነበርኩ። ጋዜጠኛው በእጁ የጻፈውን ይዞ ይመጣል፣ እኛ እንጽፋለን፣ እሱ ከኋላችን ቆሞ ያርማል። ፔጅሜከር ላይ ገጹን እንሠራለን፣ በሌዘር ፕሪንተር እናወጣለን፣ ወደ ማተሚያ ቤት ይሮጣል። መብራት ከጠፋ ያልተቀመጠው ሁሉ ይሄዳል። «ሴቭ አድርጊ፣ ሴቭ አድርጊ!» የሚለው ጩኸት የሥራ ቦታችን መዝሙር ነበር። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ስሕተት ለማረም ሙሉ ገጽ መድገም አላስፈለገም። አንድ ደራሲ አንቀጹን ከላይ ወደ ታች ሳወርድለት አይቶ «እንደገና አድርጊልኝ እስቲ» እያለ ያስደገመኝን አልረሳም። ዕድሜውን ሁሉ በመቀስና በሙጫ ነበር አንቀጽ ሲያዛውር የኖረው።

ውጭ አገር የነበሩት ደግሞ በሌላ በኩል ተቸግረዋል። ኢሜይል መጣ፤ የዚያን ጊዜ ኢሜይል ግን ተራውን የእንግሊዝኛ ፊደል እንጂ ሌላ ማሳለፍ አይችልም። አማርኛ ፎንት የያዘ ጽሑፍ ስትልኩ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ነው የሚደርሰው። ለዚህ ነው እነ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ «ሴራ» የተባለውን ሥርዓት ያዘጋጁት። ሐሳቡ ቀላል ነው። እያንዳንዱ የአማርኛ ሆሄ በላቲን ፊደል የሚጻፍበት አንድ ቋሚ ደንብ ይኑረው፤ ከዚያ ተቀባዩ ጋ ሲደርስ ፕሮግራሙ መልሶ ወደ ግእዝ ይቀይረው። ትንሹ የላቲን ‹ቲ› ለተ፣ ትልቁ ለጠ። ዛሬ ስልክ ላይ በእንግሊዝኛ ኪቦርድ አማርኛ የምትጽፉ ሁሉ፣ አናባቢ ስትጨምሩ ሆሄው ሲለወጥ የምታዩት፣ የዚያ አስተሳሰብ ልጆች ናችሁ። ዳንኤል ያዕቆብ እዚያ ላይ አላቆመም፤ ለግእዝ ፊደል በዓለም አቀፍ ደረጃ ከተሟገቱት አንዱ ነው።

ሙግቱም ፍሬ አፈራ። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ ቁጥር የሚሰጠው ሥርዓት፣ ቁጥር 3.0 ሲወጣ የግእዝ ፊደል 345 ቦታ ተሰጥቶት ገባ። ለእያንዳንዱ ሆሄ አንድ ቁጥር። ሀ በዓለም ላይ ባለ ኮምፒውተር ሁሉ ሀ ነው፤ ሌላ ማንም ያንን ቁጥር አይነካውም። ቋም የራሷ አላት፣ ፼ም የራሱ አለው። ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ሌሎች የኢትዮጵያና የኤርትራ ቋንቋዎች የሚጠቀሙባቸው ተጨማሪ ሆሄያት ገቡ። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ደግሞ «ኒያላ» የሚባለውን ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ አብሮት ይዞ መጣ። ምንም ሳይጫን፣ ማንም ሳይለመን፣ ኮምፒውተሩ አማርኛ አነበበ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ለማስረዳት ይከብደኛል። ለታይፑ ዘመን ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በእርሳሱ ሳጥን ውስጥ የነበረው ሙሉ ፊደል ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ዩኒኮድ ያመጣው ትልቁ ነገር የፊደሉ ማማር አይደለም። መፈለግ መቻሉ ነው። አንድ ቃል ጽፋችሁ ከሺህ ገጽ ውስጥ ታገኛላችሁ። ትገለብጣላችሁ፣ ሌላ ቦታ ትለጥፋላችሁ፣ አይበላሽም። ማየት የተሳነው ሰው ኮምፒውተሩ እንዲያነብለት ማድረግ ይቻላል። ትርጉም የሚሠሩት ማሽኖችም አማርኛ የሚማሩት ከዚህ ነው።

እዚህ ላይ ነው ወደ ጭንቀቴ የምመለሰው። ከዩኒኮድ በፊት የተጻፈው ሁሉ ከዚህ ዓለም ውጭ ቀርቷል። ባለፈው ዓመት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ፍሎፒ፣ ያንን የድሮ ፋይል ማስቀመጫ ዲስክ፣ ይዘው መጡ። የትውልድ አካባቢያቸውን ታሪክ፣ ሽማግሌ እየጠየቁ፣ በእጃቸው ጽፈው፣ ከዚያ በኮምፒውተር አስጽፈውት ነበር። የእጅ ጽሑፉ ጠፍቷል።

«ልጄ፣ ይከፈት ይሆን?» አሉኝ።

«በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ያውቃሉ ጋሼ?»

«እኔ ምኑን አውቄ። የጻፈችልኝ ልጅ ናት የምታውቀው።»

ፍሎፒው ተከፈተ፤ ፋይሉ ግን የላቲን ፊደልና የማይታወቅ ምልክት ዝብርቅርቅ ነበር። ደግነቱ ፋይሉ የዎርድ ፋይል ስለነበረ የፎንቱ ስም ውስጡ ተመዝግቧል። ፎንቱን ፈልጌ ስጭነው ጽሑፉ ወጣ። እሳቸው ስክሪኑን እያነበቡ የሽማግሌዎቹን ስም አንድ በአንድ ይጠሩ ጀመር። አብዛኞቹ በሕይወት የሉም።

በዚሁ ጊዜ ሌላ ሰው ያመጣልኝን ግን ሙሉ በሙሉ ማዳን አልቻልኩም፤ ምክንያቱን ጠንቅቃችሁ እንድታውቁት እፈልጋለሁ። ያ ጽሑፍ በሁለት ፎንት የተጻፈ ነበር። አንድ ሰው በቅንነት «ቀላል ይሁን» ብሎ ወደ ተራ የጽሑፍ ፋይል ቀይሮታል። ተራ የጽሑፍ ፋይል የፎንት ስም አያስቀምጥም። በአንደኛው ፎንት በ የሆነው ቁጥር በሁለተኛው ፎንት ሌላ ሆሄ ሊሆን ይችላል፤ የፎንቱ ስም ከጠፋ የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ ማሽን የለም። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ቃል በቃል፣ በግምት፣ እንደ ድሮው ለቃሚ ፊደል እየነቀሉ ፊደል መተካት ነው።

ስለዚህ እቤታችሁ፣ መሥሪያ ቤታችሁ፣ ቤተ ክርስቲያናችሁ ወይም መስጊዳችሁ ጽሕፈት ቤት፣ ዋሽንግተንም ሆነ ቴል አቪቭ ያለው የማኅበራችሁ ኮምፒውተር ላይ የድሮ የአማርኛ ፋይል ካለ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ምንም አትንኩት። ቅጂ አውጡለት፣ ዋናውን አስቀምጡት። የአሮጌው ኮምፒውተር የፎንት ማህደር ውስጥ ያሉትን የግእዝ ፎንቶች በሙሉ ገልብጡ፤ ኮምፒውተሩን ከመጣላችሁ በፊት። ፋይሉ በዚያ ኮምፒውተር ላይ በትክክል የሚታይ ከሆነ ከሁሉ በፊት በወረቀት አትሙት፤ ቢያንስ የሚነበብ ነገር በእጃችሁ ይኖራል። ወደ ፒዲኤፍ መቀየርም ይረዳል፤ ግን ፒዲኤፉ ለዓይን ነው እንጂ ከውስጡ ስትገለብጡ ያው ዝብርቅርቁ ነው የሚወጣው። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ለታወቁት ፎንቶች በደንብ ይሠራሉ። ከተቀየረ በኋላ ግን ሰው ያመሳክረው። አንዱ የታተመውን እያነበበ ሌላው ስክሪኑን ይከታተል። በተለይ እነ ቋ፣ ኳ፣ ጓ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ላይ ቆም በሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚያ ነው።

የፍሎፒ ማንበቢያ በዩኤስቢ የሚሰካ አሁንም ይገኛል። ፍሎፒ ግን ዕድሜው አጭር ነው፤ በየዓመቱ የሚከፈተው እየቀነሰ ነው የሚሄደው። ለከርሞ አትበሉ።

በዚያ ዘመን የጻፋችሁ እህቶችና ወንድሞችም እዚህ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ። የትኛው ቤት በየትኛው ፎንት ይሠራ እንደነበር፣ ዲቃላዎቹን ከየት ታመጧቸው እንደነበር፣ የትኛውን ቁልፍ ስትነኩ ምን ይወጣ እንደነበር የምታስታውሱትን ሁሉ። ትንሽ ናት ብላችሁ አትተዉት፤ እኔ ጋ ፎንታቸው ያልታወቀ ብዙ ፋይሎች ተቀምጠዋል፣ የእናንተ አንድ መስመር የአንዱን ሰው መጽሐፍ ልትከፍት ትችላለች። ፋይል ያላችሁም የምታዩትን የመጀመሪያውን መስመር ፎቶ አንስታችሁ፣ ከተቻለ የፎንቱን ስም ጨምራችሁ ላኩልኝ። ለይቼ የማውቀውን እነግራችኋለሁ፤ የማላውቀውን ደግሞ አብረን እንፈልገዋለን።